ከካርታው እስከ ሶሌታው፦ የንግድ ሕንፃ ግመታን በልምምድ ለሚጀምሩ

የንግድ ሕንፃ መገመት ሙያዬ ይሁን ብሎ ለሚያስብ ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ ከልደታ የተመቸ ሠፈር ማግኘት ይከብዳል። በ1940ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተመሠረተው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የኪነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ብዙዎቻችን ግን እስካሁን «ሕንፃ ኮሌጅ» የምንለው ግቢ እዚሁ ነው። የሙያ ማሠልጠኛው ተግባረ እድ ከልደታ በባቡር አንድ ፌርማታ ይርቃል። ሜክሲኮን አልፎ ወደ ሰንጋ ተራ ብቅ ላለ ሰው ደግሞ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ተጠጋግተው ቆመዋል። ተማሪው፣ ቀጣሪውና የሚገመተው ሕንፃ በእግር የሚዳረስ ርቀት ላይ ናቸው ማለት ይቻላል።

ይህ መመሪያ ለሲቪል ምሕንድስና፣ ለኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት፣ ለቅየሳ፣ ለከተማ መሬት አስተዳደርና ለመሳሰሉት ተማሪዎች ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት ወይም በሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩትም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው። ጥቂት ወራት ብቻ በሚቆየው የተግባር ልምምድ ውስጥ ከዚህ ሥራ ምን ይዞ መውጣት እንደሚቻል አንድ በአንድ እንሂድበት።

ሥራው የት አለ?

ትልቁ ቀጣሪ ባንክ ነው። አንድ ነጋዴ ሕንፃውን አስይዞ ሲበደር ባንኩ መሐንዲስ ይልካል፤ መሐንዲሱ ይለካል፣ ይመረምራል፣ ሪፖርት ይጽፋል፤ የብድር ኮሚቴው በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ይወስናል። የባንክ ግመታ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ሲቪል መሐንዲስ ወይም የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂ ምሩቅ ይፈልጋሉ።

ከባንክ ውጭ ያለው ሥራ ብዙም አይወራለትም፤ እየሰፋ ያለው ግን እሱ ይመስለኛል። በ2006 ዓ.ም የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እንዲያዘጋጁ አድርጓል፤ ይህ ደግሞ የሕንፃን ትክክለኛ ዋጋ የሚያጣራ ገማች ይጠይቃል። የግል አማካሪ ድርጅቶች ከዚህ ሥራ ይኖራሉ። ኢንሹራንሶች ለእሳት ዋስትና ያስገምታሉ። መንግሥት ለመሬት ማስለቀቅ ካሳ ያስገምታል፤ ሥራው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው የሚመራው። የንብረት ታክስ አዋጅ በጥር 2017 ከፀደቀ በኋላ ደግሞ ከተሞች ቤትና ሕንፃ የሚገምት ሰው ያስፈልጋቸዋል። በዚያው ዓመት ስለ ሪል እስቴት ልማት የወጣው አዋጅም የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትንና ግመታን አብሮ ይዟል።

ለልምምድ የትኛው ይሻላል? እውነቱን ለመናገር ትንሽ የግል አማካሪ ቢሮ ከትልቅ ባንክ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ባንኩ ስምና ብዙ የቆየ ፋይል ይሰጣችኋል። ትንሹ ቢሮ ግን ሰው ስለሚያጥረው ሜትሩን በሁለተኛው ቀን እጃችሁ ላይ ያስጨብጣችኋል። ባንኩ ቅርንጫፍ ላይ መድቦ ደብተር ሊያስሞላችሁ ከሆነ ትንሹን ቢሮ ምረጡ።

ከማመልከታችሁ በፊት፦ ሐራጅ አንብቡ

በባዶ እጅ አትሂዱ። ለዝግጅት ገንዘብም ሆነ ፈቃድ የማይጠይቅ አንድ መንገድ አለ፤ እሱም ባንኮች በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር የሚያወጡት የሐራጅ ማስታወቂያ ነው።

ማስታወቂያው የሚጀምረው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ለባንኮች የሰጠውን ሥልጣን በመጥቀስ ነው። ተበዳሪው ዕዳውን በጊዜው ካልከፈለ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የተያዘውን ንብረት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ከዚያ ሠንጠረዡ ይመጣል፦ የተበዳሪ ስም፣ የንብረት አስያዥ ስም፣ ንብረቱ የሚገኝበት ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የንብረቱ ዓይነት፣ የሐራጅ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ልብ ብሎ ላየው አንድ ገማች ቢሮ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ውጤት በአንድ መስመር ተቀምጧል።

የንግድ ሕንፃ የሆኑትንና በልደታ፣ በቂርቆስ፣ በአራዳና በአዲስ ከተማ ያሉትን ለዩ። ሃያ ያህል ሲጠራቀሙ ቅዳሜ ቅዳሜ እየዞራችሁ ከውጭ እዩአቸው። ግቢ መግባት አያስፈልግም፤ የተበዳሪውን ስም እየጠሩ ጎረቤት መጠየቅማ ነውር ነው። ስንት ፎቅ ነው? ፊቱ ወደ አስፋልት ነው ወይስ ወደ ውስጥ መንገድ? ምድር ቤቱ ሱቅ ነው? ተከራይ አለው? መኪና ማቆሚያስ? መነሻ ዋጋውን በቦታው ስፋት አካፍላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ሁለት ተቀራራቢ ሕንፃዎች ለምን እንደተለያዩ ራሳችሁን ጠይቁ። የሐራጅ መነሻ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ ሕንፃው ከዚያ በላይም ሊሸጥ፣ ገዢ ሊያጣም ይችላል። ማስታወሻችሁ ላይ ሁለቱን አታምታቱ።

ከተቻለ አንድ ሐራጅ ላይ ተገኙ። ተጫራቾች የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ ያስይዛሉ፤ ያሸነፈ ቀሪውን በማስታወቂያው በተጻፈው ቀን ውስጥ ይከፍላል። አንድም ተጫራች ሳይመጣ አዳራሹ ሲበተን ያየ ልጅ «ዋጋ» ማለት ሰው ሊከፍለው የተዘጋጀው ገንዘብ መሆኑን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ደብዳቤውና በሩ

ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ትወስዳላችሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ደብዳቤ በየመዝገብ ቤቱ ተኝቶ ይቀራል፤ ጸሐፊዋን በትሕትና ለምናችሁ የድርጅቱ ስም እንዲገባበት አድርጉ። ከሱ ጋር ራሳችሁ የጻፋችሁት አጭር ማመልከቻ ይያያዝ። እንዲህ ያለ፦

«የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፉት ወራት በጋዜጣ የወጡ የሐራጅ ማስታወቂያዎችን እየተከታተልኩ በልደታና በቂርቆስ የሚገኙ የንግድ ሕንፃዎችን ከውጭ አይቼ ማስታወሻ ይዣለሁ። በግመታ ክፍላችሁ ሥር በመስክ ልኬትና በሪፖርት ዝግጅት እንድለማመድ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።»

«ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን ተዉት፤ ሁሉም ይጽፈዋል።

ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲገባ የገቢ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ። «ነገ ተመለሱ» ስትባሉ ቁጥር የያዘና ያልያዘ አንድ አይደሉም። የሰው ሀብት ክፍሉ ይፈቅዳል እንጂ ሥራውን የሚያሳያችሁ የግመታ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ እሱን ወይም እሷን በአካል አግኝታችሁ ሁለት ደቂቃ ተነጋገሩ። «ኢንጂነር፣ መስክ ስትወጡ ሜትር ልያዝላችሁ» ማለት ከማንኛውም ማስረጃ ይበልጣል። መኪና ውስጥ ቦታ ያለው ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነውና።

ስለ ክፍያ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። የትራንስፖርት አበል የሚሰጥ አለ፣ የማይሰጥም አለ፤ ከመጀመራችሁ በፊት በግልጽ መጠየቅ ግን አያሳፍርም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፦ ፋይል

አብዛኛው ተለማማጅ የሚያማርረው «ቢሮ አስቀምጠው ፋይል ያስደረድሩኛል» ብሎ ነው። እኔ ከሚያማርሩት ወገን አይደለሁም። የዚህ ሙያ ግማሹ ፋይሉ ውስጥ ነው፤ በኋላ ተቀጣሪ ስትሆኑ ደግሞ የሌላ ሰው ሪፖርት የማንበቢያ ጊዜ አታገኙም። ፎቶ ማንሳትም ሆነ ወደ ቤት ይዞ መውጣት ግን የለም። የሰው ዕዳና ንብረት ያለበት ወረቀት ነው፤ በስልክ የተነሳች አንዲት ገጽ ልምምዳችሁን እዚያው ልታስቆም ትችላለች።

ፋይሉን ስትከፍቱ ከካርታው ጀምሩ። ካርታው ላይ አራት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ባለይዞታው ማን እንደሆነ ነው፤ ተበዳሪው ሌላ ከሆነ አስያዡ ተስማምቶ መፈረም አለበት። ሁለተኛው ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ የሚለው ነው። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የምትገምቱት ሕንፃውንና የመጠቀም መብቱን እንጂ አፈሩን አይደለም። ሊዝ ከሆነ የቀረው ዘመን ትልቅ ነገር ነው፤ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት አዲስ አበባ ውስጥ ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ሲሆን ለንግድ 60 ዓመት ነው። ሊዙ ከተያዘ 18 ዓመት ያለፈው ቦታ የቀረው 42 ነው፤ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳም አብሮት ሊኖር ይችላል። ሦስተኛው አገልግሎቱ ነው፦ መኖሪያ፣ ንግድ ወይስ ቅይጥ? በመኖሪያ ካርታ ላይ የተሠራ ባለ አራት ሱቅ ሕንፃ በዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም፤ ሪፖርቱ ላይ ሳይጻፍ ከታለፈ ግን በኋላ ራስ ምታት ነው። አራተኛው ስፋቱና ወሰኑ ነው።

ከካርታው ቀጥሎ የግንባታ ፈቃዱን፣ የጸደቀውን ፕላን፣ የሕንፃ መጠቀሚያ ፈቃዱን፣ የዘመኑን ግብር ደረሰኝና ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ደብዳቤ እዩ። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል፤ በዚህ ሥራ የሚያጋጥሟችሁ ፎቆች አብዛኞቹ «ምድብ ሐ» ናቸው።

ልደታ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የትርፍ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ ብዙ የንግድ ቤቶች በቀበሌና በዛሬው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን እጅ ናቸው። ለዓመታት ነግዶበት፣ አድሶት፣ ልጆቹን አስተምሮበት «ሱቄ» የሚለው ሰው ባለቤቱ ላይሆን ይችላል። የሚይዘው የኪራይ ውል እንጂ ካርታ ካልሆነ ለመያዣ አይሆንም፤ ይህን አይቶ ቶሎ የሚናገር ተለማማጅ የመሐንዲሱን ግማሽ ቀን ያተርፋል።

አንድ የቆየ ሪፖርት ካነበባችሁ በኋላ የመጨረሻውን ገጽ በእጃችሁ ሸፍናችሁ ዋጋውን ራሳችሁ አስሉት፤ ከዚያ ግለጡት። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መሐንዲሱን ጠይቁ። ሪፖርቱ ከሐምሌ 2016 በፊት የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የካሬ ሜትር ዋጋውን ለዛሬ አትጠቀሙበት። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የሊፍት፣ የአልሙኒየም፣ የኤሌክትሪክ ዕቃና የሴራሚክ ዋጋ ሌላ ሆኗል።

መስክ

ቦርሳችሁ ውስጥ ሌዘር ሜትርና የ50 ሜትር ሜትር ይኑር። ሌዘሩ ፀሐይ ላይ ነጥቡ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ሜትሩ ያወጣችኋል። ደብተር፣ እርሳስ፣ ባትሪው የሞላ ስልክ፣ መታወቂያና የድርጅቱ ደብዳቤ አይረሱ። ደብዳቤው ለምን እንደሚያስፈልግ በር ላይ ታውቁታላችሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ከባንክ ነው የመጣነው።»

«ገቢዎች አይደላችሁም?»

«አይደለንም ጋሼ፤ ይኸው ደብዳቤው። ባለቤቱም ያውቃሉ።»

«ቆይ ልደውል።»

ጥበቃው እስኪደውል አትቆጡ፤ የሕንፃውን ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ምድር ቤቱ ክረምት ላይ ውኃ ያስገባ እንደሆነ፣ ሦስተኛው ፎቅ ከመቼ ጀምሮ ባዶ እንደሆነ፣ ጄኔሬተሩ የተነሳበትን የመጨረሻ ቀን ሳይቀር ይነግራችኋል።

መጀመሪያ የሚረጋገጠው ቆማችሁ ያያችሁት ሕንፃ ካርታው ላይ ያለው መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የአዲስ አበባ ካርታና ሳይት ፕላን ላይ ያሉት ኮኦርዲኔቶች የሚሠሩት «አዲንዳን» በሚባለው መነሻ ነው፤ ስልካችሁ የሚያሳየው ግን በ«ደብሊው ጂ ኤስ 84» ነው። ሁለቱ ሳይቀየሩ ከተነበቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያሉ። የካርታውን ቁጥር ዝም ብሎ ስልኩ ላይ ያስገባ ሰው ጎረቤት ግቢ ቆሞ ይለካል። መቀየሪያውን ከቢሮው ቀያሽ ተማሩ፤ ከዚያም በላይ ሳይት ፕላኑ ላይ ያሉትን አዋሳኝ መንገዶችና ቤቶች በዓይናችሁ አመሳክሩ።

ልኬቱን ከውጭ ጀምሩ፤ አራቱንም ጎን ለኩ፣ ሥዕሉን እዚያው ሣሉ። ቀጥሎ በየፎቁ ውስጡን። የላይኞቹ ፎቆች ከምድር ቤቱ ወጣ ብለው የተሠሩ ከሆነ ስፋታቸው ይለያል፤ የምድር ቤቱን ልኬት በፎቅ ቁጥር ማባዛት አይሠራም። ደረጃውንና የሊፍቱን ጉድጓድ ለብቻ ጻፉ፤ ለኪራይ የሚውለው ስፋትና የተገነባው ጠቅላላ ስፋት አንድ አይደሉምና። ቢሮ ተመልሳችሁ «ይህች ቁጥር አራት ናት ወይስ ዘጠኝ?» እንዳትባባሉ አንዱ ሲለካ ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይድገም።

ከዚያ ዓይን ይሠራል። ኮለኑ ላይ ስንጥቅ አለ? ስንጥቁ ልስኑ ላይ ብቻ ነው ወይስ ወደ ውስጥ ገብቷል? የሶሌታው ሥር ላይ የዛገ ፌሮ ይታያል? ቤዝመንቱ ግድግዳ ላይ የእርጥበት ምልክት አለ? ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ቴራዞ ነው ወይስ ገና ሲሚንቶ? የውኃ ታንከሩ፣ የራሱ ትራንስፎርመር፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ ደረጃው? «ሊፍት አለው» ብሎ መጻፍና «ሊፍቱ ይሠራል» ብሎ መጻፍ ይለያያሉ። ቁልፉን ተጫኑ፤ ካልመጣ «በጉብኝቱ ዕለት አይሠራም ነበር» ብላችሁ ጻፉ።

ፎቅ ቁጠሩ። ቀልድ አይደለም። ፈቃዱ ጂ+4 ይላል፣ እናንተ የቆጠራችሁት ጂ+5 ነው እንበል፤ ጣሪያው ላይ በቆርቆሮ የተከለለ ካፌም ታክሏል። ሁለቱንም እንዳሉ መዝግቡ። ያለፈቃድ የተጨመረው በዋጋው ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለውን ሪፖርቱን የሚፈርመው ሰው ይወስናል፤ የእናንተ ድርሻ ጨርሶ እንዳይድበሰበስ ማድረግ ነው።

ፎቶው ደግሞ ለትዝታ አይነሳም። የሕንፃው ፊት፣ ሁለቱ ጎኖች፣ ጀርባው፣ የመግቢያው መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ፣ የቤት ቁጥሩ፣ በየፎቁ ቢያንስ አንድ የውስጥ ፎቶ፣ ጉድለት የታየበት ቦታ ሁሉ። መንገዱን በሁለት አቅጣጫ የምታነሱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከ2016 ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ብዙ ጎዳና ቀይሯል። የመንገድ ማስፋፊያው መስመር የሕንፃውን ፊት ይነካ እንደሆነ ከክፍለ ከተማው የፕላን መረጃ ሳይጠየቅ ሪፖርት መዝጋት ድፍረት ነው።

የኪራይ መረጃ ማግኘት ከሁሉም ይከብዳል። ነጋዴው «ስንት ትከፍላለህ?» ሲባል የሚያየው ግብር ሰብሳቢ ነው። የኪራይ ውሉ ላይ ያለው ቁጥርና በእጅ የሚከፈለው የማይገናኙበት ጊዜ እንዳለ ማንም ያውቃል። ስለዚህ የአንድን ሱቅ ኪራይ ከመጠየቅ የአካባቢውን ዋጋ መጠየቅ ይሻላል፦ «እዚህ ምድር ላይ ካሬው በስንት ይከራያል? ሁለተኛ ፎቅስ?» ሁለት ደላላ፣ አንድ የሕንፃ አስተዳዳሪ፣ ከተቻለ አንድ በቅርቡ የገባ ተከራይ ጠይቁ። ማን እንደነገራችሁ ሳይሆን ምን ዓይነት ሰው በየትኛው ቀን እንደነገራችሁ ጻፉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ ቁጥር 1320/2016 ንግድ ቤትን አይመለከትም፤ ሱቅና ቢሮ ላይ ዋጋውን የሚወስነው ድርድሩ ነው።

ቁጥሩ

ዘዴው ሦስት ነው፤ ትምህርት ቤት ስለተማራችሁት በፍጥነት ልለፈው። የግንባታ ወጪ ዘዴ ሕንፃውን ዛሬ ቢሠሩት ምን ያህል ይፈጃል ብሎ ጠይቆ የእርጅናውን ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፦ 600 ካሬ ሜትር የተገነባ፣ ካሬው 40,000 ብር ቢባል 24 ሚሊዮን ይሆናል፤ በእርጅና 20 ከመቶ ሲቀነስ 19.2 ሚሊዮን ብር ይቀራል። የአገራችን ባንኮች በዋናነት የሚደገፉት በዚህ ላይ ነው፤ ለአካባቢው የሚጨምሩት ደግሞ በየራሳቸው ማንዋል ነው። የገበያ ንጽጽር ዘዴ የተሸጡ ተመሳሳይ ሕንፃዎችን ይፈልጋል፤ እኛ ዘንድ በውልና ማስረጃ የሚጻፈው የሽያጭ ዋጋ ሁልጊዜ እውነተኛው ነው ብሎ መማል ስለማይቻል ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ሦስተኛው፣ የገቢ ዘዴው ነው፤ ንግድ ሕንፃ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ኪራዩን ነውና። አሁንም ለምሳሌ ብቻ፦ የአንድ ፎቅ የዓመት ኪራይ 1,200,000 ብር ነው። ባዶ ሆኖ ለሚቆይበት ጊዜ 10 ከመቶ ስንቀንስ 1,080,000 ይሆናል። ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለጥገናና ለመሳሰለው 180,000 ሲወጣ የተጣራው 900,000 ብር ነው። ይህን 9 ከመቶ ለሆነ የመመለሻ መጠን ብናካፍለው 10 ሚሊዮን ብር እናገኛለን። መጠኑን 7.5 ብታደርጉት ዋጋው 12 ሚሊዮን ይሆናል፤ 10 ብታደርጉት 9 ሚሊዮን። ሕንፃው አልተነካም፣ ተከራዩ አልተቀየረም፤ አንዲት ቁጥር ብቻ ናት ሦስት ሚሊዮን ብር ያንቀሳቀሰችው። ስለዚህ «9 ከመቶ» ብሎ የጻፈ ሰው 9 ከየት እንደመጣ ማስረዳት አለበት። ለንደን ውስጥ በ1868 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቀያሾችና የገማቾች ተቋም፣ ባለሙያዎቹ «ቀይ መጽሐፍ» በሚሉት መመሪያው አጥብቆ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ እያንዳንዱ ግምት ከነማስረጃው ይቀመጥ። የመጽሐፉን መሠረታዊ ሐሳብና የዓለም አቀፉን የግመታ ደረጃ ካሁኑ ማንበብ ጀምሩ፤ ነገ የውጭ ኦዲተር ፊት ስትቀርቡ የምትጠየቁት በዚያ ቋንቋ ነው።

ኤክሴል እወቁ። አውቶካድ ካወቃችሁ ጥሩ። ሌላውን እዚያው ታገኙታላችሁ።

ምሳ

ባለንብረቱ ደስ ብሎት ይቀበላችኋል፤ ቡና ይመጣል፣ ከዚያ «ምሳ ሳትበሉማ አትሄዱም» ይላል። ቡናው የአገር ወግ ነው፤ ጠጡ። ምሳው ግን ሌላ ነው፤ በሱ መኪና መመላለሱም እንዲሁ። «ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ቦታ እየጠበቁን ነው» ብሎ መነሳት ማንንም አያስቀይምም። «እንደው በግምት ስንት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ መልሱ አንድ ነው፦ «እኔ ተለማማጅ ነኝ ጋሼ፤ ቢሮው ነው የሚያውቀው።» ተለማማጅነት እንዲህ የሚጠቅምበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ተጠቀሙበት። ቁጥር ከአፋችሁ ከወጣ መሐንዲሱ ከዚያ በታች ሲጽፍ «ልጁ እኮ ይህን ያህል ብሎኝ ነበር» ይባላል።

የሚጎዳው ባንኩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በተጋነነ ግምት ከአቅሙ በላይ የተበደረ ነጋዴ ሕንፃው ሐራጅ ሲወጣ ዕዳውን ላይሸፍንለት ይችላል፤ ቤተሰቡ ከሕንፃውም ወጥቶ ከዕዳውም አይወጣም።

ስትወጡ

ከመጨረሻው ሳምንት በፊት ራሳችሁ ከልኬት እስከ መደምደሚያ የሠራችሁት አንድ ሪፖርት ይኑራችሁ። የደንበኛ ንብረት ላይ አይሁን፤ የትምህርት ክፍላችሁን ሕንፃ ወይም ባለቤቱ የፈቀደላችሁን የዘመድ ሱቅ ውሰዱ። መሐንዲሱ በቀይ እስክሪብቶ እንዲያርምላችሁ ለምኑ፤ የታረመውንና ያስተካከላችሁትን ሁለቱንም አስቀምጡ። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ከዲግሪያችሁ ይልቅ ስለሱ ይጠይቋችኋል።

የልምምድ ማረጋገጫ ደብዳቤው ላይ «በመልካም ሥነ ምግባር ልምምዳቸውን አጠናቀዋል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ለማንም አይጠቅምም። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደቆያችሁ፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን ዓይነት ንብረቶች ላይ በልኬት፣ በሰነድ ማጣራትና በሪፖርት ዝግጅት እንደተሳተፋችሁ ይዘርዘር። ረቂቁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ብታቀርቡ አብዛኛው ኃላፊ ያመሰግናችኋል። ማህተሙንና የወጪ ቁጥሩን አይታችሁ ተቀበሉ። ልምምዳችሁ ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤውን ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ሁሉም ሒሳብ ላይ ነው፣ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ የሚፈርመው ሰው ዓመት ፈቃድ ወጥቶ ይሆናል።